ጥቁሩ ቀለም እስኪደርቅ

ሰኞ 3

የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪው የመሥሪያ ቤቱን መኪና አምጥቶ ግቢ ውስጥ አቆመው። የፊት ባምፐር የለውም። ከፋብሪካ የመጣውን ቆርቆሮ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄድ ጥሎት እንደመጣ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ንብረቱን ጥሎ ሲመጣ የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ አይገባኝም።

«የማይነቀነቅ ነገር ሥራልኝ» አለ። «ከጭቃ የሚጎትተኝን ዊንች የሚሸከም። ደግሞ ጥቁር ይሁን፤ ጺሜን ቆሜ የምላጭበት መስታወት።»

ዝናብ ሳይገባ እሱና ባልደረቦቹ ለቁፋሮ መንገድ ይወጣሉ። ከወደደው የሚሠራበትን ድርጅት መኪኖች በሙሉ ወደ እኔ ያመጣል። ካልወደደው ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ከፋብሪካው የጥራት ኃላፊነት ከተሰናበትኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ እጄ አልገባም። ተሰናበትኩ ነው የምለው። ሌሎች ሌላ ይላሉ።

ልኬቱን ራሴ ወሰድኩ። ሻንሲው በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ብሏል። ቆፋሪው አያውቅም ነበር። ማንም ምንም አያውቅም።

ማክሰኞ 4

ካርቶን ስቆርጥ ዋልኩ። ብረት ከመቁረጤ በፊት ሙሉውን በካርቶን እሠራለሁ። መኪናው ላይ አስሬ ራቅ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከጎን አየዋለሁ። ካርቶን ይቅር ይላል። ላሜራ ቂመኛ ነው።

ብየዳውን የሚሠራው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሲሠራ ስለሚያፏጭ ሰፈሩ «ፉጨት» ብሎ ሰይሞታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። እጁ ጎበዝ ነው። አፉ ግን አያርፍም።

«ጋሼ፣ ይሄ ካርቶን ከአንዳንድ ሰው መኪና ይሻላል። ቀብተን ለምን አንሰጠውም?»

«ዝም ብለህ መስመሩን ተከተል።»

«እከተላለሁ፤ ዝም የሚለውን ግን ሌላ ሰው ቅጠርበት።»

ሐሙስ 6

ፉጨት የዊንቹን መቀመጫ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ በየደው። ሙቀቱ ላሜራውን እንደ ደረቀ ቅጠል ጠመዘዘው። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ትንሽ ከግራ፣ ትንሽ ከቀኝ፣ እያቀያየርክ፣ እያሳረፍክ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በግራይንደር አስፈታሁት።

«ጋሼ፣ በዓይን እኮ አይታይም።»

«በማን ዓይን?»

የብየዳ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። እንደገና ሠራው፤ በትክክል። በኋላ ወጥ ቤት በር ላይ ለእህቱ ሲነግራት ሰማሁ፦ «ባልሽ አንድ ቀን እኔንም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ያስተካክለኛል።» ሳቀች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ከሳቀች ቆይታለች።

ቅዳሜ 8

ብየዳው አለቀ። ሰቅለን ሞከርነው። ቡሎኖቹ በጣት ገፋ ሲደረጉ ገቡ። ፉጨት ባምፐሩን ግንባሩ ላይ ሳመው። ደስ ብሎኛል። አልነገርኩትም።

ሰኞ 10

ነፋሱ ጀመረ። በዚህ ወቅት አቧራው ሻይ ላይ፣ ትራስ ላይ፣ ጥርስ መሃል ነው። ለብየዳ ግድ የለም። ለቀለም ግን ሞት ነው። አብረቅራቂ ጥቁር ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንደ ኪንታሮት ጎልታ ትታያለች።

ቀለም የምንቀባው ከቤታችን ጀርባ ባለችው የጡብ ክፍል ነው። ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ። ማራገቢያው አየር ባወጣ ቁጥር በየስንጥቁ አቧራ ይገባል። ስለዚህ አጠፋሁት፤ በላስቲክም ሸፈንኩት። የመስኮቱን ዙሪያ በፕላስተር አሸግሁ። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን በስቱኮ ደፈንኩ። በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወተፍኩ። ወለሉን ውሃ አርከፈከፍኩ።

ገብቼ በሩን ዘጋሁና መብራቱን አጠፋሁ። ጭላንጭል የለም። ነፋሱ እንኳ አይሰማም። ፀጥታው ራሱ ክብደት አለው። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው በዚህ ከተማ እንደሌለ አውቃለሁ።

ፉጨት ደጃፉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መቃብር ነው። በምን ልንተነፍስ ነው?»

«ጭምብል አለ።»

«የጭምብሉ ማጣሪያ ካለቀ ቆየ።»

«ይሠራል።»

«ይሁን። ሳንባችንም ጥቁር ይቀባል። ቢያንስ አይዝግም።»

ረቡዕ 12

መሠረቱን ግራጫ ቀለም ቀባሁ። ንጹሕ ወጣ። ራሴን ያመኛል። ነፋሱ ነው።

ዓርብ 14

የመጀመሪያው ጥቁር። ቀለሙንና ማጠንከሪያውን በሚዛን ቀላቀልኩ፤ እንደ አንዳንዱ በግምት አይደለም። መርጫውን ከብረቱ እኩል ርቀት ላይ ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ስጨርስ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥልቅ ነው። የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ እንደማጎንበስ። ፊቴን አየሁት። ቀና ስል ምስሌ ትንሽ ዘግይቶ ቀና ያለ መሰለኝ።

ደክሞኛል። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ፉጨት ጋ።

ቅዳሜ 15

ተነክቷል።

በግራ ጫፍ፣ ከመብራቱ ቀዳዳ በታች። የአራት ጣት መስመር። ተጭኖ አይደለም። የተኛ ልጅ ግንባር እንደሚዳበስ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በስስት። በሩ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። የመስኮቱ ፕላስተር እንዳለ ነው።

ቀለም ቀቢ ሁሉ አንድ በሽታ አለበት። መድረቁን በጣት ካልሞከረ አያምንም። እስኪደርቅ የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ? ፋብሪካ ሳለሁ በዚህ የተነሳ ሰው አባርሬአለሁ። ፉጨትን ጠርቼ አሳየሁት።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካሁም።»

«ታዲያ ማን ነካው?»

«ድመት ትሆናለች።»

«አራት ጣት ያላት ድመት?»

«የሌላት አይተህ ታውቃለህ?»

ከግቢ አስወጣሁት። ሲወጣ አያፏጭም ነበር።

እሑድ 16

ቀለሙን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ዋልኩ፤ ብቻዬን። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ገብቷል። ሥራ ነው።

ማክሰኞ 18

ሁለተኛው ጥቁር። ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ክፍሉ ውስጥ ሳለሁ ማንኳኳት ሰማሁ። ሦስት ጊዜ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለት። በሩን ከፍቼ ባይ ማንም የለም። አቧራ አስገባሁ በከንቱ። የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ይህን የማያውቅ ሰው መንፈስ ነው ይላል። እኔ ይህን ተምሬአለሁ፣ አስተምሬአለሁም።

ስወጣ የመኪና ወንበር በቆዳ የምታለብሰው ጎረቤታችን፣ ወንበር አልባሿ፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ነበር። መርፌዎቿን ሁልጊዜ ደረቷ ላይ ሰክታ ስለምትሄድ ማንም አይጠጋትም።

«ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ስትጣላ ነበር?»

«ከማንም።»

«ውስጥ ሆነህ ‹እጅህን ሰብስብ፣ እጅህን ሰብስብ› ስትል ነበር እኮ።»

የራሷን ሬዲዮ ሰምታ ይሆናል። ሴትዮዋ ሥራ ፈትታለች።

ረቡዕ 19

እንደገና። በዚያው ቦታ። ያው አራት ጣት።

ፉጨትን ቁልፉን ተቀበልኩት። በቀስታ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የሰጠበት መንገድ አናደደኝ፤ ለታመመ ሰው እንደሚሰጥ አድርጎ።

ባለቤቴ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ጠበቀችኝ። የልጆች ደብተር እቅፏ ላይ ነበር፤ አላስቀመጠችውም።

«ሌሊት ተነስተህ የት ሄድክ?»

«የትም።»

«አልጋው ላይ አልነበርክም። እግርህ በረዶ ሆኖ ነው የተመለስከው።»

«አልመሽ ይሆናል።»

«እሺ፣ እኔ አልሜ ነው። የቤቱን በር ማን ክፍት ተወው?»

እህትና ወንድም እንዲህ ናቸው። ወንድሟን ለማዳን በእኔ ላይ ሕልም ትተርካለች።

ዓርብ 21

ሦስተኛው። ማታ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ አያምርም፤ ግን ልጻፈው፤ የማይጻፍ ነገር ይለዋወጣል።

ዛሬ ብቻዬን ሠራሁ። ፉጨት ሳል ይዞታል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስት ጊዜ ይስላል። ማራገቢያውን ካልከፈትን አልገባም አለ። አትግባ አልኩት። ቀለሙን ስረጭ እንደ ሁልጊዜው አፌ ውስጥ ጣፋጭ፣ ብረት ብረት የሚል ነገር መጣ፤ ቁልፍ የመጥባት ያህል። ከዚያ ደረቴ ጠበብ አለ። ለመድኩት። ሰው ለሥራው ትንሽ መታመም አለበት።

ወደ መጨረሻው ገደማ ከኋላዬ የቆመ ሰው እንዳለ አወቅሁ። አላየሁትም። አወቅሁ ነው የምለው። ትንፋሹን ከትንፋሼ ጋር ያስተካክላል፤ እኔ ስይዝ ይይዛል። ዞር ለማለት መርጫውን ማቆም አለብኝ፤ ካቆምኩ ቀለሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ አልዞርኩም። ጨረስኩ። ከዚያ ባምፐሩ ላይ አየሁት። እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጁን ወደ ቀለሙ ዘርግቷል።

ስሜን ጠራኝ። በእናቴ አጠራር፤ ሲቆጡ ሳይሆን ለምሳ ሲጠሩ እንደሚጠሩት።

የብርሃን ነጸብራቅ ነው። ከብየዳው ወቅት ጀምሮ ዓይኔ ደክሟል። ጥምዝ ብረት ምስልን ያጣምማል፤ ጎንበስ ያለውን ቀጥ ያደርጋል። ይህን በስዕል ማስረዳት እችላለሁ። ልሞክር ብዬ በዚህ ገጽ ጀምሬው ነበር፤ መስመሮቹ አልገጠሙልኝም።

በሩን ቆለፍኩ። ሁለቱም ቁልፎች እኔ ጋ ናቸው። ትራሴ ሥር።

ቅዳሜ 22

ተነካ።

ቁልፉን አስቀርጿል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱ አልተነካም። ከሁለት ነገር አንዱ ከወደቀ የቀረው እውነት ነው። የበሩን ቁልፍ በአዲስ ቀየርኩ።

ምሳ ላይ ፊት ለፊት ነገርኩት። ጉርሻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ለምን ብዬ? አብረን እኮ ነው የሠራነው። እኔ በየድኩት እኮ!»

«ብየዳውን ስላስፈታሁህ።»

«ስንቱን አስፈትተኸኛል! በዚያ ሂሳብማ ቤትህን አቃጥዬ ነበር።»

ባለቤቴ መሃል ገባች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች፤ ለእኔ፣ በወንድሟ ፊት። «እስቲ ወደ መስታወት ሂድ፤ ፊትህን እየው። ዓይንህ የሞተ ሰው ዓይን መስሏል። ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«እኔን ነው ወይስ የተነካውን ቀለም ነው ሐኪም የሚያየው?»

ማንም አልሳቀም። ፉጨት ሲስል ጠረጴዛው ይነቃነቅ ነበር። አጥብቆ ይስላል፤ ሰው እንዲያዝንለት።

አሁን ብቻዬን ስሆን ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ይሰማኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስንጣላ ምን እንዳልኩ ግማሹን አላስታውስም። ግን ማን ነው ያናደደኝ?

ሰኞ 24

ቆፋሪው መጣ። ባምፐሩ የት ደረሰ አለ። ተፈግፍጎ አሰልቺ ግራጫ ሆኖ አየው። «ያለፈው ሳምንት ብቅ ስልም እንዲህ ነበር» አለ፤ ትሕትና ባለው ድምፅ፤ ይህም ይባስ አናደደኝ። ዓርብ ይወስዳል። ደመና መሰብሰብ ጀምሯል።

ማክሰኞ 25

ማንኳኳቱ አሁን ቤትም ተከትሎኛል። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ባለቤቴን ትሰሚያለሽ አልኳት። «ምኑን?» አለች። ስለዚህ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ጥሩ። ጆሮ ውስጥ ያለ ነገር ጉዳት የለውም፤ እንደሌለ መቁጠር ነው። ከእንግዲህ ሲያንኳኳ አልነሳም።

ስለ ቀለሙም መላ አግኝቻለሁ። እስከ ዛሬ በክርክር ደክሜአለሁ፤ የሚያስፈልገው ሙከራ ነበር። የነገውን የመጨረሻ ቀለም ራሱ ፉጨት ይረጨዋል፤ ከዚያ ቀለሙ እስኪይዝ ከውስጥ ይቆያል። እኔ በሩን ከውጭ ቆልፌ ግቢ እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው አይገባም፤ ከተነካ የነካው እሱ ነው። እጅ ከፍንጅ። ካልተነካ ደግሞ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እኔ ፍትሕ አውቃለሁ።

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። «ለእህቴ ስል ነው» አለ። «ይሄ ነገር ነገ ይለቅ። ከዚያ በኋላ ግን ጋሼ፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።»

«እንደ ፈቃድህ።»

ረቡዕ 26

ጠዋት። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ናት። ነፋሱ በርትቷል። ጨርቁን በበሩ ሥር ደግሜ ወተፍኩ። ጭምብሉን ሰጠሁት።

«እውነት ልትቆልፍብኝ ነው? እንደ ዶሮ?»

«እንደ ንጹሕ ሰው።»

«ከሞትኩ ግራጫ አልብሳችሁ ቅበሩኝ፤ ጥቁር አቧራ ያሳያል።»

ቆለፍኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ኮምፕረሰሩ ይሠራል። እኩል ይረጫል፤ ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ። የእኔን እጅ ተምሯል።

ኮምፕረሰሩ ቆመ። ጨርሷል። አሁን መጠበቅ ብቻ ነው።

ይስላል። ሁላችንንም ያስለናል ይህ ነፋስ።

ማንኳኳቱ ጀመረ። አልነሳም። ከተነሳሁ እከፍታለሁ፤ ከከፈትኩ አቧራ ይገባል፤ ሙከራውም ከንቱ ይሆናል።

አሁን በርትቷል። ቁጥር የለውም። የሚጠራኝም አለ። ይህም አዲስ አይደለም፤ ባለፈው ዓርብም ጠርቶኛል። አልመልስም።

አሁን ዝቅ ብሏል። ከታች፣ ከበሩ ሥር አካባቢ ነው የሚመጣው።

ወንበር አልባሿ መርፌዎቿን እንደሰካች በአጥሩ በር ገባች።

«አንተ ሰው! ማነው እንዲህ የሚያንኳኳው?»

«የቱ?»

«አይሰማህም እንዴ? ሰው እኮ ነው!»

እሷም ትሰማለች።

ሐሙስ 27፣ ማለዳ

ያንን የመጨረሻ ቃል ጽፌ፣ ደብተሩን ከድኜ ነው የተነሳሁት። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ቁልፉ ከአንገቴ አልወጣ ብሎ ነበር። ክሩን በጥርሷ የበጠሰችው ወንበር አልባሿ ናት። በሩ ሲከፈት ፉጨት ደፉ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አፉ በጨርቁ ላይ ተደፍቷል፤ በስንጥቁ አየር ሲፈልግ። ጨርቁን እኔ ነበርኩ የወተፍኩት። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ጭምብሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አውጥተን ግቢው ላይ አስተኛነው፤ አቧራው ላይ። ደረቱ እንደ ተቀደደ ቱቦ ያፏጭ ነበር።

ግቢ ውስጥ በቆመው የቆፋሪው መኪና ሆስፒታል ወሰድነው፤ ያለ ባምፐር። ሐኪሙ ወጣት ነው። ስለ ክፍሉ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ማራገቢያው? ተዘግቷል። መስኮቱ? ታሽጓል። ለምን? አቧራ። ስንት ጊዜ? አልቆጠርኩም። ከዚያ እኔን ያየኝ ጀመር። «እርስዎስ?» አለ። «ራስ ምታት አለ? የማያስታውሱት ነገር አለ? የሌለ ነገር ይሰማሉ?» ታማሚው ውስጥ ነው አልኩት።

«በሩ ለምን ተቆለፈ?» አለ በመጨረሻ።

«ሙከራ ነበር።»

ይህን ስል ባለቤቴ ደርሳ ሰማች። አልጮኸችም። ወንድሟ አልጋ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እዚያው አደረች። በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ይተርፋል ወይ ብዬ ነርሷን ጠየቅሁ፤ «ነገ እናያለን» አለች።

ትናንት ሲመሻሽ ብቻዬን ተመለስኩ፤ ክፍሉን ልዘጋ። መብራቱን አበራሁ።

የበሩ ውስጠኛ ገጽ በእጅ ተሞልቷል። ጥቁር መዳፍ በመዳፍ ላይ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ወደ ታች እየበዛ። ግድግዳው ላይም አለ፤ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነው የዞረው፤ በትከሻው ቁመት ከጥግ እስከ ጥግ ጠርጎታል። ክፍሉ ጠባብ ነው። ባምፐሩ መሃል ላይ፣ በሁለት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ከመርጫው ወደ በሩ አጭሩ መንገድ በባምፐሩ ላይ ተደግፎ ማለፍ ነው። ዓይኑ የጨለመበት ሰው፣ የሚወድቅ ሰው፣ የሚይዘውን ሁሉ ይይዛል።

ባምፐሩ ላይ ምንም የለም። አንድ ጣት የለም። አንድ የአቧራ ቅንጣት የለም። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የመብራቱን ምስል ሳይሰብር ይዞታል። በሕይወቴ ያየሁት ከሁሉ የተሻለ ቀለም ነው፤ የረጨው እሱ ነው።

እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ደፉ ላይ ቆምኩ። አልገባሁም። ይህን አስታውሳለሁ፤ አልገባሁም። ገና እርጥብ ነበር። ነፋስ ይግባ ብዬ በሩን ክፍት ተውኩት፤ ወደ ቤት ሄጄ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

አሁን ነጋ። ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ያደረ የለም። ቡሎኖቹን ላዘጋጅ ብዬ ወጣሁ።

በግራ ጫፍ፣ ከመብራቱ ቀዳዳ በታች። አራት ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ በስስት።

የማን እንደሆነ አልጽፍም። ጎን ለጎን አድርጌ ለክቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ጣቶቼን በሳሙና ፈተግሁ። በቲነር ፈተግሁ። በብርጭቆ ወረቀትም ሞከርኩ፤ ደማ። ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ቆዳ ላይ ከያዘ አይለቅም፤ ቆዳው ራሱ እስኪቀየር መጠበቅ ነው። ጓንት ልልበስ ብዬ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ጓንት ለብሶ የሚገባ ጠያቂ ምን ይባላል?

ቆፋሪው ደወለ። ነገ እመጣለሁ አለ። ባምፐሩ አልቋል ወይ አለ። አልቋል አልኩት።

ዓርብ 28

ሌሊት ዘነበ። ነፋሱ ቆመ። ማንኳኳት የለም። ማራገቢያውን ከፈትኩት፤ የሸፈንኩበትን ላስቲክ ስቀድ እጄ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

የፉጨትን መተንፈሻ ቱቦ ነቅለውለታል። ሄድኩ። ባለቤቴ ውሃ ልታመጣ ወጥታ ነበር፤ ስለዚህ ገባሁ። አልጋው ላይ አጥሯል። ዓይኑ ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል። ስሜን ሳይሆን እንደ ሁልጊዜው ጠራኝ፤ ድምፁ ከደረቱ ሳይሆን ከጉሮሮው ጫፍ ነው የሚወጣው።

«ጋሼ።»

«አለሁ። አትናገር።»

«ቀለሙስ?»

«አትናገር አልኩህ።»

«ተነካ?» አለ። ትንፋሽ ሰበሰበ። «እንዳልነካው ብዬ በዳር በዳር ነው የሄድኩት። ምንም አላይም ነበር። ግን በዳር ነው የሄድኩት። ንገረኝ፤ ተነካ?»

ምን ይባላል? እንዲህ ላለ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል? ቀኝ እጄን ከጀርባዬ አድርጌ ነበር የቆምኩት።

«አልተነካም» አልኩት። «መስታወት ነው። አንድ ነገር የለበትም።»

ፈገግ አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«አየህ» አለ። «አላልኩህም?»

«ብለኸኛል።»

ዓይኑን ጨፈነ። እፎይ አለ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ አየር ሳብኩ። ከዚያ ነው ከኋላዬ ብርጭቆ ከትሪ ጋር ሲንቀጨቀጭ የሰማሁት። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ፊቴን አላየችም። እጄን ነበር የምታየው።